ከውጭ የመጣ ካምፐር ቫን እና የካምፒንግ ኤሌክትሪክ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጃፓን ወይም ከሰሜን አሜሪካ የመጣ ካምፐር ቫን ይዘው በአውሮፓ ካምፒንግ ቦታዎች የሚያድሩ ሰዎች የሚጠይቁት ጥያቄ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። መልሱ በየዝርዝሩ ቢለያይም የኔ አቋም አንድ ነው፦ ከባትሪ የሚሠራውን የ12 ቮልቱን ክፍል አይንኩት፤ ከውጭ መስመር (ከካምፒንጉ ኤሌክትሪክ) የሚመገበውን ክፍል ግን ከመግቢያው ሶኬት ጀምሮ አንስተው ለ230 ቮልት እንዳዲስ ያዘርጉት። ሌላው መንገድ ሁሉ ጊዜያዊ ነው።

አዳፕተር ገዝቼ ብሰካውስ? ስፒናው ከገባ ምን ችግር አለው?

አዳፕተር የሚቀይረው የስፒናውን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቮልቴጁ እንዳለ ያልፋል። የጃፓን መስመር 100 ቮልት፣ የአሜሪካና የካናዳ 120 ቮልት፣ የአውሮፓ ደግሞ 230 ቮልት ነው። "ከእጥፍ ትንሽ ይበልጣል" ብሎ ማሰብ አደጋውን ያሳንሰዋል፤ ማሞቂያ ባለው ዕቃ ላይ ኃይሉ የሚያድገው ቮልቴጁ በራሱ ሲባዛ በሚያድገው ልክ ነውና። ለ100 ቮልት የተሠራ 1,000 ዋት ማንቆርቆሪያ 230 ቮልት ላይ ቢሰካ 5,300 ዋት ገደማ ለመሳብ ይሞክራል። ለ120 ቮልት የተሠራው ደግሞ ከተጻፈበት 3.7 እጥፍ ገደማ ይስባል። ዕድል ከቀናዎት ብሬከር ይወርዳል። ካልቀናዎት ግን ከኮምፔንሳቶና ከስፖንጅ በተሠራ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ምናልባትም ሰው ተኝቶ ሳለ፣ የሚግል ነገር ይኖራል።

12 ቮልቱስ መቀየር አለበት?

የለበትም። መብራቱ፣ የውሃ ፓምፑ፣ ማራገቢያው ሁሉ የሚሠሩት ከባትሪው ነው፤ ባትሪው ደግሞ የትም አገር ቢሄዱ ያው 12 ቮልት ነው። ከዚህ ወገን የሚቀየረው ባትሪውን ከውጭ መስመር የሚሞላው ቻርጀር ብቻ ነው።

ትራንስፎርመር ገዝቼ 230ውን ወደ 100 ወይም ወደ 120 ባወርደውስ? ምንም ሳልነቅል አይገላግለኝም?

ይሠራል። ለጥቂት ሳምንታት ጉዞ መኪናቸውን ይዘው መጥተው ለሚመለሱ ሰዎች እንዲያውም ተገቢው መፍትሔ እሱ ነው። መኪናው አውሮፓ ውስጥ ሊቀር ከሆነ ግን አልመክረውም፤ ምክንያቶቹን ልዘርዝር።

አንደኛ፣ ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ነው፤ ገበያ ላይ በርካሽ የሚገኘው ደግሞ ለዚህ ሥራ የማይሆነው ነው። አውቶትራንስፎርመር የሚባለው ኮረንት የሚገባበትና የሚወጣበት ጎን የጋራ የሽቦ ጥቅል ስላላቸው እርስ በርስ አይለያዩም። ካምፒንጉ ላይ ፌዝ (ቮልቴጅ የያዘው ሽቦ) እና ኒውትራል (የመመለሻው ሽቦ) ተገለባብጠው ከመጡ "ኒውትራል" ብለው የሚያስቡት ሽቦ ከመሬት አንጻር 230 ቮልት ይዞ መኪናው ውስጥ ይገባል፤ ትራንስፎርመሩ የሚያሳየው ወጪ ግን ያው 100 ቮልት ነው። ስለዚህ የግድ ትራንስፎርመር ከተጠቀሙ ሁለቱ ጥቅሎቹ ፈጽሞ የተለያዩበትን፣ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር የሚባለውን ይግዙ።

ሁለተኛ፣ አይሶሌሽን ትራንስፎርመር ሲገባ የካምፒንጉ አርሲዲ፣ ማለትም ኮረንት ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ፣ ከትራንስፎርመሩ ወዲህ የሚሆነውን አያይም። መኪናው ውስጥ ሰው ኮረንቲ ቢይዘው ካምፒንጉ ኤሌክትሪክ በሚሰጥበት ምሰሶ ላይ ያለው መከላከያ አያውቅም። ለዚህ ነው ከወጪው ሁለት ሽቦዎች አንዱ ከመኪናው ሻሲና ከኧርዙ (ከመሬት ጋር ከሚያገናኘው የመከላከያ ሽቦ) ጋር ታስሮ፣ ከዚያ በኋላ ለዚያው ቮልቴጅ የተሠራ ሌላ አርሲዲ መግባት ያለበት። ብዙ ሰው ይህን ሳያደርግ ሳጥኑን አልጋ ሥር ወሽቆ "ተሠራ" ይላል። አልተሠራም።

ሦስተኛ፣ ክብደቱ። 3,000 ዋት የሚችል አይሶሌሽን ትራንስፎርመር አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ኪሎ በላይ ነው፤ ሲሠራ ስለሚሞቅም አየር ያስፈልገዋል። ክብ የሆነው ዓይነት ደግሞ ገና ሲሰካ ለቅጽበት ብዙ ኮረንት ስለሚስብ 6 አምፔር ብቻ የሚሰጥ ምሰሶ ላይ ብሬከሩን ገና በመነሻው ሊያወርደው ይችላል። ቀስ ብሎ የሚያስነሳ መሣሪያ ያለውን መምረጥ ይህን ያቃልላል።

አራተኛው ምክንያት ትራንስፎርመር የማይቀይረው ነገር ነው፦ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኮረንቱ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ።

ፍሪኩዌንሲው የሚያስቸግረው ምን ላይ ነው?

አውሮፓ 50 ሄርዝ፣ ሰሜን አሜሪካ 60 ሄርዝ ነው። ጃፓን ሁለቱንም ትጠቀማለች፦ ምሥራቁ፣ ቶኪዮን ጨምሮ፣ 50 ሄርዝ፤ ምዕራቡ፣ ኦሳካን ጨምሮ፣ 60 ሄርዝ። ይህ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቶኪዮ ጄኔሬተሮቿን ከጀርመን፣ ኦሳካ ደግሞ ከአሜሪካ ስለገዙ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተዋሐደም። ስለዚህ "ከጃፓን የመጣ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም፤ ዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ማየት ያስፈልጋል።

ማሞቂያ ብቻ ለሆነ ነገር ፍሪኩዌንሲ ለውጥ የለውም። ሞተር ያለው ዕቃ፣ ለምሳሌ ጣሪያ ላይ ያለ የድሮ ዓይነት ኤሲ፣ ለ60 ተሠርቶ 50 ላይ ሲሠራ ፍጥነቱ ወደ አምስት ስድስተኛ ይወርዳል፤ ቮልቴጁ እንዳለ ከቀረም ሞተሩ ይግላል። ውስጡ ከባድ የብረት ትራንስፎርመር ያለው፣ ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ ማይክሮዌቭም እንዲሁ ነው። በከባዱ ትራንስፎርመር ፈንታ ኢንቨርተር የሚባል ኤሌክትሮኒክ ክፍል ያላቸው አዳዲስ ማይክሮዌቮች ግን ብዙዎቹ ሁለቱንም ይቀበላሉ።

የትኛውን ዕቃ አስቀርቼ የትኛውን ልጣል?

በእጅ ባትሪ ዕቃው ጀርባ ያለውን ምልክት ያንብቡ። "100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ" የሚል ከሆነ ይተርፋል፤ ስፒናውን መቀየር ብቻ ይበቃዋል። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀሮች እንዲሁም ብዙ ቴሌቪዥኖች እንደዚህ ናቸው።

በጋዝ፣ በ12 ቮልት እና በውጭ መስመር የሚሠራው ፍሪጅ ብዙ ሰው ሳያስፈልግ የሚጥለው ዕቃ ነው። ፍሪጁ ራሱ ጤነኛ ከሆነ የሚቀየረው ከጀርባው ያለው የውጭ መስመር ማሞቂያ ዘንግ ነው፤ ለብዙ ሞዴሎች ባለ 230 ቮልት ዘንግ ይገኛል። መቆጣጠሪያ ካርዱ ራሱ በውጭ መስመር የሚመገብ መሆን አለመሆኑን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። የቦይለሩም ማሞቂያ ተመሳሳይ ነው። ማይክሮዌቭና ማንቆርቆሪያ አዲስ መግዛት ይሻላል። ለኤሲው አያልቅሱለት፤ የሚስበው ኃይል ብዙ የአውሮፓ ምሰሶዎች ከሚሰጡት በላይ ነው።

እንዳዲስ ሲዘረጋ ምን ምን ይቀየራል?

ከውጭ ወደ ውስጥ እንሂድ። መጀመሪያ የመኪናው ጎን ላይ ያለው መግቢያ። የጃፓኑ ወይም የአሜሪካው ወጥቶ ክዳን ያለው፣ ሰማያዊ፣ ሦስት ፒን፣ 16 አምፔር መግቢያ ይገባል። ፒኖቹ መኪናው ላይ፣ ቀዳዳዎቹ ገመዱ ላይ መሆን አለባቸው፤ ኮረንት የሚመጣበት ጫፍ ምንጊዜም ጣት የማይነካው ሴቴው ነውና። ካራቫኖችንና ካምፐሮችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ፣ አይኢሲ 60364 ክፍል 7-721፣ መግቢያው ከመሬት ከ1.8 ሜትር በላይ ከፍ እንዳይል ይጠይቃል።

ከመግቢያው ቀጥሎ፣ በተቻለ መጠን አጠገቡ፣ የብሬከር ሳጥኑ ይመጣል። በውስጡ ፌዙንም ኒውትራሉንም አንድ ላይ የሚቆርጥ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ፣ ከዚያ ለየመስመሩ ብሬከር ይኖራል። ብሬከሮቹም ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጡ ይሁኑ፤ ለምን እንደሆነ ስለተገለበጠ ፌዝ ስናወራ ግልጽ ይሆናል። የአሜሪካውን ሳጥን አስቀርቶ ብሬከሮቹን መጠቀም አይቻልም፤ አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጡት ብሬከሮቹ የተሠሩት ለ120 ቮልት መስመር ነው፣ 5 ሚሊአምፔር ላይ የሚቆርጠው የአሜሪካ መከላከያ ሶኬትም እንዲሁ። 230 ቮልት ላይ ይቆርጣሉ ብሎ ሕይወትን ለነሱ መስጠት አይገባም።

ቀጥሎ ሶኬቶቹና ማብሪያዎቹ ሁሉ ይነቀላሉ። የጃፓን መኪና ውስጥ ያሉት ሶኬቶች ብዙ ጊዜ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ያላቸው ናቸው፤ ከበስተኋላቸው የኧርዝ ሽቦ ጭራሽ አልተዘረጋም። በ230 ቮልት ያለ ኧርዝ መዘርጋት አይቻልም። የመኪናው ብረት፣ የጋዝ ቱቦውና ሌላውም ሊነካ የሚችል ትልቅ ብረት በ4 ሚሊሜትር ካሬ አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ከሳጥኑ ኧርዝ ጋር ይታሰራል። ይህ ሥራ ሲያልቅ የማይታይ ስለሆነ በጣም የሚዘለለው እሱ ነው፤ ከሁሉም በላይ ሕይወት የሚያድነው ደግሞ ይኸው ነው።

መጨረሻ ላይ ቻርጀሩ። ለ230 ቮልት የተሠራና ለባትሪዎ ዓይነት የሚስተካከል ይሁን። ባትሪው ሊቲየም ከሆነ ለአሲድ ባትሪ ብቻ የተሠራ ቻርጀር አይሆነውም።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን የድሮ ገመድ ልጠቀምበት? 600 ቮልት ይላል እኮ።

ቮልቴጁን ይችላል፣ እውነት ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ጃፓን ውስጥ በብዛት የሚዘረጋው ጠፍጣፋ ገመድ፣ የአሜሪካውም የቤት ገመድ፣ ውስጣቸው አንድ ድፍን መዳብ ነው። ቤት ውስጥ ምንም አይሆንም። መኪና ግን ይንቀጠቀጣል፤ ድፍን ሽቦ ብሎኑ ሥር እየላላ ይሄዳል፣ ላልቶም ይግላል። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ደንብ ቢያንስ ሰባት ክር ያለው ሽቦ የሚጠይቀው ለዚህ ነው፤ ውፍረቱም ከ1.5 ሚሊሜትር ካሬ እንዳያንስ። ባለ ብዙ ክር ተጣጣፊ ገመድ ይዘርጉ፣ ከ12 ቮልቱ ገመዶች ጋር በአንድ ቱቦ አያሳልፉት።

የሽቦዎቹ ቀለም ግራ አጋባኝ። የቱ ነው ፌዙ?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ የሚጠይቅ ሰው የሚጠነቀቅ ሰው ነው። በአሜሪካና በጃፓን መስመር ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ኧርዝ ነው። በአውሮፓ ቡናማው ፌዝ፣ ሰማያዊው ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ነው። በ12 ቮልቱ ወገን ግን ጥቁር ብዙ ጊዜ ኔጌቲቭ ነው። መኪናው የጀርመን ሥሪት ከሆነ ደግሞ በፋብሪካው 12 ቮልት ሽቦ ውስጥ ሻሲ ላይ የሚታሰረው ኔጌቲቭ ቡናማ ነው።

አሁን ሳጥኑን ከፍተው ያስቡት፦ አንድ ጥቁር ሽቦ አለ፣ አንድ ቡናማም አለ። ጥቁሩ የአሜሪካ ፌዝ ሊሆን ይችላል፣ የባትሪ ኔጌቲቭም ሊሆን ይችላል፤ ቡናማው 230 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ ከሻሲ ጋር የታሰረ ሽቦም ሊሆን ይችላል። በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም። የውጭው ገመድ ተነቅሎ፣ ባትሪው ተፈቶ፣ ኢንቨርተሩ (የባትሪውን 12 ቮልት ወደ መስመር ቮልቴጅ የሚቀይረው መሣሪያ) ጠፍቶ እያንዳንዱ ሽቦ በመልቲሜትር ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈለጋል፤ ወረቀት ተለጥፎበትም ስሙ ይጻፍበታል። ድሮውን ሙሉ በሙሉ ነቅሎ በአንድ የቀለም ሥርዓት መዘርጋትን የምወድበት ዋናው ምክንያትም ይህ ነው፤ ከዓመታት በኋላ ሳጥኑን የሚከፍተው ሌላ ሰው ነው።

ካምፒንጉ ላይ የማገኘው ሶኬት ምን ዓይነት ነው?

በአውሮፓ አብዛኛው ቦታ አይኢሲ 60309 የሚባለው ሰማያዊ፣ ክብ፣ ባለ ሦስት ፒን ባለ 16 አምፔር ሶኬት ነው። የኧርዙ ፒን ከሌሎቹ ስለሚወፍር በስህተት ገልብጦ ማስገባት አይቻልም። እንግሊዝም ለካምፒንግ የምትጠቀመው ይህንኑ ነው፣ የቤቷን ባለ ሦስት አራት ማዕዘን ፒን አይደለም። በቆዩ ካምፒንጎች የቤት ሶኬት ያጋጥማል፤ ስዊዘርላንድ ደግሞ የራሷ ዓይነት አላት። ስለዚህ ከሰማያዊው ወደ ጀርመኑ ክብ ሶኬት፣ ወደ ፈረንሳዩና ወደ ስዊዙ የሚወስዱ አጫጭር አዳፕተሮች መሳቢያ ውስጥ ይኑሩ። ኒውዚላንድ ሰማያዊውን ትጠቀማለች፤ አውስትራሊያ የኧርዝ ፒኑ ሰፋ ያለ የራሷ ባለ 15 አምፔር ስፒና አላት። ሁለቱም 230 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ናቸው።

"6 አምፔር ነው" ተባልኩ። ምን ያህል ማለት ነው?

1,380 ዋት። 10 አምፔር ከሆነ 2,300፣ 16 ከሆነ 3,680 ዋት ነው። በተለይ ፈረንሳይ ውስጥ 6 እና 10 አምፔር የተለመዱ ናቸው፤ 16 ሲባል የሶኬቱ ዓይነት እንጂ የሚሰጡዎት መጠን ላይሆን ይችላል፣ ሲመዘገቡ ይጠይቁ።

በ6 አምፔር እንዴት እንደሚኖር እንይ። 30 አምፔር የሚሞላ የባትሪ ቻርጀር በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከምሰሶው 500 ዋት ገደማ ይወስዳል። የፍሪጁ ማሞቂያ 130 ዋት ቢሆን 750 ዋት ይቀርዎታል፤ በዚህ ላይ 700 ዋት የጉዞ ማንቆርቆሪያ ይሠራል። 3,000 ዋት የቤት ማንቆርቆሪያ ቢሰኩ ግን ሳይፈላ ብሬከሩ ይወርዳል። የምሰሶው ሳጥን ተቆልፎ ጽሕፈት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ ከሆነ ደግሞ እስከ ጠዋት በባትሪ ነዎት። ቻርጀር ሲመርጡ ከመስመር የሚስበውን መጠን ዝቅ ማድረግ የሚያስችለውን ቢመርጡ ይህ ሁሉ ሒሳብ ይቀልልዎታል።

ፌዝና ኒውትራል ተገልብጠው ቢመጡስ?

በአህጉሩ አውሮፓ የሚያጋጥም ነገር ነው። የጀርመኑ የቤት ሶኬት በሁለቱም በኩል ስለሚሰካ እዚያ "መገልበጥ" እንደ ጥፋት አይቆጠርም፤ ዕቃውም ሁሉ እየሠራ ስለሚቀጥል ሳይታወቅ ይኖራል። አደጋው የሚመጣው አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ብሬከር ወይም ማብሪያ ሲኖር ነው። ሲያጠፉት የሚቆረጠው ኒውትራሉ ይሆናል፤ ዕቃው ጠፍቷል፣ ፌዙ ግን ውስጡ አለ። አምፖል ሊቀይር እጁን የሰደደ ሰው ኮረንቲ ይይዘዋል።

አንዳንዶች ሁለቱን ሽቦ የሚያገለብጥ አጭር ገመድ ይሠራሉ። ይህ ገመድ ምልክት ካልተደረገበት በሚቀጥለው ካምፒንግ ትክክለኛውን መስመር ይገለብጣል። ሁለቱንም ሽቦ የሚቆርጡ ብሬከሮች ካስገቡ ጭንቀቱ ከመሠረቱ ያበቃል። እንዲያም ሆኖ ሶኬት ላይ የሚሰካ ባለ ሦስት መብራት ቴስተር ይያዙ፤ በደረሱበት ሁሉ በመጀመሪያ የሚሰካው እሱ ይሁን። መገልበጡን ብቻ ሳይሆን ኧርዝ አለመኖሩንም ይናገራል፤ ኧርዝ የሌለው ምሰሶ ካጋጠመዎት ነቅለው ሌላ ቦታ ይጠይቁ።

ካምፒንጉ አርሲዲ ካለው እኔ ለምን አስገባለሁ?

የሱን ማን እንደፈተነው ስለማያውቁ። አርሲዲ በፌዝ የሄደውና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይከታተላል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊአምፔር ሲደርስ ከ0.3 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆርጣል። በቆየ ካምፒንግ ግን ጭራሽ ላይኖር ይችላል።

ገመዱስ?

25 ሜትር፣ ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ፣ ላዩ በላስቲክ የተሸፈነ ተጣጣፊ ገመድ። የጓሮ ኤክስቴንሽን አይሆንም። ሦስት ሜትር ብቻ ቢያስፈልግዎትም ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ይፍቱት፤ ተጠቅልሎ ብዙ ኃይል ሲያልፍበት ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ ላስቲኩ ይቀልጣል። መኪናው ሥር ዘርግተው ይተዉት።

ሲሰኩ መጀመሪያ መኪናው ላይ፣ ቀጥሎ ምሰሶው ላይ። ሲነቅሉ መጀመሪያ ከምሰሶው።

መኪናዬ ባለ 50 አምፔር ትልቅ የአሜሪካ አርቪ (የመኖሪያ መኪና) ነው። እሱስ?

የባለ 30 አምፔሩ ሰው ብዙ አይጎዳም፤ 30 አምፔር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ነው፣ የአውሮፓው 16 አምፔርም 3,680። የባለ 50 አምፔሩ ግን ሁለት ፌዝ ይዞ እስከ 12,000 ዋት የለመደ መኪና ነው። ያን የሚሰጥ የአውሮፓ ካምፒንግ አይጠብቁ። ሁለት ኤሲና የልብስ ማድረቂያ በአንድ ጊዜ ማሠራት እዚህ ላይ ያበቃል።

ኢንቨርተር አለኝ። ከአዲሱ መስመር ጋር አንድ ላይ ላገናኘው?

አሮጌው 100 ወይም 120 ቮልት ኢንቨርተር ከ230 ቮልት ሶኬቶች ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ካስፈለገ ባለ 230 ቮልት ኢንቨርተር ይገዛል። ሁለቱ ምንጮች በአንድ ጊዜ እንዳይገናኙ ፌዙንም ኒውትራሉንም የሚያዛውር መቀያየሪያ መሐል ላይ ይግባ፤ ኢንቨርተሩ በሚሠራበት ጊዜም አርሲዲው መሥራቱን ቴስት በሚለው ቁልፉ ብቻ ሳይሆን በመለኪያ ያስፈትሹ።

ራሴ ልሥራው?

መንቀሉን፣ ቱቦ መዘርጋቱን፣ ሳጥን መግጠሙን እጅዎ የሚያውቅ ከሆነ ይችሉ ይሆናል፤ የአገሩ ሕግ የሚፈቅደውን አስቀድመው ያጣሩ። የመጨረሻው ምርመራ ግን ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ሥራ ነው። እሱ የኧርዙን ቀጣይነት፣ የሽፋኑን መቋቋምና አርሲዲው በስንት ሚሊሰከንድ እንደሚቆርጥ ይለካል፤ ለዚህ የሚያገለግለው መሣሪያ ተራ መልቲሜትር አይደለም። ውጤቱን በጽሑፍ ይቀበሉ፤ ኢንሹራንስም መኪናውን የሚገዛዎትም ሰው ይጠይቁታል።

ከዚያ በኋላ በየስንት ጊዜ ይመርመር?

የእንግሊዝ ደንብ ከሦስት ዓመት እንዳይበልጥ፣ ብዙ የሚጓዝ ከሆነ በየዓመቱ እንዲሆን ይመክራል። በኒውዚላንድ ካምፒንግ መስመር ላይ ለመሰካት የኤሌክትሪክ ብቃት ማረጋገጫ ግዴታ ነው፤ የሚያገለግለውም ለአራት ዓመት ነው። በመሃሉ ደግሞ የአርሲዲውን ቴስት ቁልፍ በደረሱበት ካምፒንግ ሁሉ ይጫኑ። ካልወረደ ገመዱን ከምሰሶው ይንቀሉ፤ አርሲዲው እስኪቀየር ድረስም በባትሪ ይቆዩ።